ከኋላ የቆመችው

እግር ኳስ ወዳድ ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አለው፤ ግብ ያገባውን አይረሳም፣ ግብ ያዳነውን አያስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበት ቀን ሲወሳ የሚጠሩት ስሞች የታወቁ ናቸው፤ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ። ግብጽን 4 ለ 2 ረታን ይባልና አራቱ ግቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የገቡብን ሁለቱም ይነሣሉ። ሳይገቡ ስለቀሩት ግን ማን ያወጋል? ያልገባች ኳስ ደቂቃ የላትም። ጋዜጣ “በዚህ ደቂቃ እገሌ” ብሎ የሚጽፈው መረብ ስለነካችው ኳስ ነው።

ተከላካይ ማለት እንግዲህ ሥራው ሲሠምር የማይታይ፣ ሲበላሽ ብቻ የሚታይ ሰው ነው። በየቤታችን እንዲህ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ አያጣውም፤ ወጡ ሲጣፍጥ ዝም፣ ጨው ሲበዛ ጩኸት። ወንዱ ተከላካይ እንዲህ ከተረሳ፣ ሴቷ ተከላካይ ሁለት ጊዜ ትረሳለች፤ አንድም በቆመችበት ቦታ፣ አንድም በሴትነቷ።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ካሉት ሴቶች ስላንዷ ነው። ፈረንሳዊት ናት፤ ኮሪን ዲያክር ትባላለች። በጽሑፉ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

“አንተ ጎንደሬው ስለ ፈረንሳይ ሴት ኳስ ተጫዋች ምን አገባህ?” የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ያገባኝ በወለቃ በኩል ነው።

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። የቤተ እስራኤል መንደር ተብላ በጎብኚዎች ዘንድ ሳይቀር ትታወቃለች። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የአገሩ ቤተ እስራኤል በ1984 እና በ1985 በሱዳን አድርጎ፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ የሸክላው ሙያ መንደሯን ጨርሶ አልተለያትም። ከመንገዱ ዳር የጭቃ ምስሎችና ማሰሮዎች ተደርድረው ሲሸጡ መንገደኛው ያያል።

እኔን ያቆመኝ ግን ሸክላው አልነበረም። ከመንገዱ ባሻገር ወንዶች ልጆች ኳስ በሚያንከባልሉበት ሜዳ ላይ፣ ጎል ተብለው ከተቀመጡት ሁለት ድንጋዮች ፊት ለፊት፣ አንዲት ልጅ ከኋላ ቆማ ትጫወታለች። ከመካከላቸው ሴት እሷ ብቻ ናት። ከኋላ ያቆሟትም ከፊት ሊያሰልፏት ስላልወደዱ እንደሆነ ያስታውቃል። አንድ ቀን ጨዋታው ሲያበቃ ጠጋ ብላ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ኳስ ያነባሉ ይላሉ። ሴት ተከላካይ ስትጨርስ ምን ትሆናለች?” አለችኝ።

“ስትጨርስ” ማለቷ ገረመኝ። ገና በወጉ ሳትጀምር መጨረሻውን ትጠይቃለች! ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ጥያቄው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ወንድ ልጅ ኳስ ሲያሳድድ ቤተሰቡ ቢበዛ “ትምህርትህን እንዳትረሳ” ይለዋል። ሴት ልጅ ኳስ ስታሳድድ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው “የዚህ ነገር መጨረሻው ምንድን ነው?” የሚለው ነው። እናት ትጠይቃለች፣ አባት ይጠይቃል፣ ጎረቤትም ይጠይቃል። ልጅቱ የጠየቀችኝ ቤት ስትገባ የሚጠብቃትን ጥያቄ ነበር። ስለዚህ መጨረሻው በውል የታወቀ የአንዲት ተከላካይ ሕይወት ፈለግሁ፤ የዲያክርንም አገኘሁ።

የተዘጋው ሜዳ

ዲያክር ከመወለዷ በፊት የሆነውን ካላወቅን የሠራችው ሥራ አይገባንም። ሴቶች ኳስ መጫወት የጀመሩት ትናንት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዱ ወደ ግንባር ሲዘምት፣ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ቦታውን የያዙት ሴቶች ኳስ መጫወት ያዙ። ከሁሉም ስሙ የገነነው በፕሬስተን ከተማ የዲክ ኬር ፋብሪካ ሴቶች ቡድን ነው። በፈረንሳይም በ1917 ፓሪስ ውስጥ ፌሚና ስፖር በሚባለው የሴቶች ማኅበር አማካይነት ጨዋታው ተጀመረ። በ1920 የፈረንሳይ ሴቶች ባሕር ተሻግረው ከዲክ ኬር ሴቶች ጋር ገጠሙ። በዚያው ዓመት በገናቸው ማግሥት፣ ዲሴምበር 26 ቀን፣ በሊቨርፑሉ ጉዲሰን ፓርክ የዲክ ኬርን ጨዋታ ለማየት የገባው ሕዝብ 53 ሺህ ያህል ነበር። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን የለም፤ ሰው በእግሩ ሄዶ፣ ከኪሱ ከፍሎ ነው የገባው።

ታዲያ ምን ሆነ? ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር “ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም” ብሎ በአባል ክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከላቸው። ክልከላው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸና። ፈረንሳይ ውስጥም ጨዋታው እየቀዘቀዘ ሄዶ በ1941 የቪሺ መንግሥት ጭርሱን አገደው።

እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ሜዳው የተዘጋባቸው ስላልቻሉ አልነበረም። ሰው የማያየውን ጨዋታ ለማገድ ማንም ወረቀትና ቀለም አያባክንም። የተዘጋባቸው ስለቻሉና ሕዝብ ስለመጣላቸው ነው። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። በኋላ የተወለደው ትውልድ ሜዳው መቆለፉን ረሳና “ሴቶችማ ኳስ አይወዱም” ይል ጀመር። ቁልፉ ተረስቶ የተዘጋው በር ግድግዳ መሰለ።

በፈረንሳይ ግድግዳው በር መሆኑ የታወቀው በ1968 ነው። በራንስ ከተማ አንድ ጋዜጠኛ ለጋዜጣው በዓል ማድመቂያ ይሆናል ብሎ የሴቶች ግጥሚያ አዘጋጀ። ለቀልድ የታሰበው ነገር የምር ሆነ፤ ልጃገረዶቹ ከበዓሉ በኋላ መጫወታቸውን አልተዉም። በ1970 የፈረንሳይ ፌዴሬሽን የሴቶችን እግር ኳስ በይፋ ተቀበለ። ኤፕሪል 17 ቀን 1971 የፈረንሳይ ሴቶች በሰሜን ፈረንሳይ አዝብሩክ ከተማ ሆላንድን 4 ለ 0 አሸነፉ። ያ ግጥሚያ ዛሬ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ዘንድ የመጀመሪያው ይፋዊ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ተብሎ ይቆጠራል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ማሊያ

ኮሪን ዲያክር የተወለደችው ኦገስት 4 ቀን 1974 በሰሜን ፈረንሳይ ነው። ፌዴሬሽኑ ለሴቶች እውቅና ከሰጠ ገና አራት ዓመቱ ነበር። በ1988፣ በ14 ዓመቷ፣ በምዕራብ ፈረንሳይ አንጉሌም አጠገብ ላለችው ለትንሿ ከተማ ለሷዮ ክለብ መጫወት ጀመረች። እስከ 2007 ድረስም ከሌላ ክለብ ሄዳ አልተጫወተችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ማሊያ!

ሷዮ ፓሪስ አይደለችም፣ ሊዮንም አይደለችም። የሴቶች ክለቧ የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1984 ነው፤ ዲያክር ከመምጣቷ አራት ዓመት በፊት። ስለዚህ ይህች ሴት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም የሊግ ዋንጫ አላነሣችም። ዋንጫ ቆጣሪ ታሪክ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ ስሟን ዘሎት ባለፈ ነበር።

እሷ ግን በመሐል ተከላካይነት ቦታዋን ይዛ ቆየች። በ1993 ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈች፤ እስከ 2005 ድረስም 121 ጊዜ የአገሯን ማሊያ ለበሰች፣ አምበልም ሆነች። በእነዚህ ጨዋታዎች 14 ግቦች አስቆጥራለች። እነዚህን ቁጥሮች እኔ ከጎንደር ሆኜ ለመጻፍ የቻልሁት በዚያ አገር አንድ ሰው በየጨዋታው ወረቀት ይዞ ማን እንደተሰለፈ ስለመዘገበ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እመለስበታለሁ።

የዲያክር ታላቁ ቀን ኖቬምበር 16 ቀን 2002 ነው። ፈረንሳይ በ1991፣ በ1995 እና በ1999 በተካሄዱት ሦስት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች አልነበረችም። ለአራተኛው ለማለፍ ከእንግሊዝ ጋር በደርሶ መልስ ተገናኘች። ለንደን ላይ 1 ለ 0 አሸንፋ ተመለሰች። የመልሱ ጨዋታ በሴንት ኤቲየን ከተማ በታወቀው የጆፍሯ ጊሻር ስታዲየም ሲደረግ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ነበር። ያን ዕለት የተቆጠረችው ግብ አንዲት ብቻ ናት፤ ያስቆጠረቻትም አጥቂ ሳትሆን ከኋላዋ መስመር ተነሥታ ወደ ፊት የመጣችው ዲያክር ነበረች። ፈረንሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሴቶች ዓለም ዋንጫ አለፈች። በ2003 አሜሪካ ላይ ደቡብ ኮሪያን አሸንፋ፣ ከብራዚል አቻ ወጥታ፣ በኖርዌይ ተሸንፋ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የመጡት የፈረንሳይ ሴቶች ወደ ዓለም ዋንጫ የሚወስደው መንገድ በእግር የተረገጠ ሆኖ አገኙት።

ይህም ቢሆን የጨዋታውን አመል ያሳያል። ዲያክር በ121 ጨዋታ ያስጣለቻቸው ኳሶች ቁጥር የላቸውም፤ ሰው የሚያወሳላት ግን ያቺን አንዲት ግብ ነው። ተከላካይ እንዲታወስ እንደ አጥቂ መሆን አለበት ማለት ነው።

ስትጨርስ ምን ሆነች?

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመጣለን። ዲያክር መጫወት ስታቆም ክለቧን አልተለየችም፤ ከ2007 እስከ 2013 የሷዮ አሠልጣኝ ሆነች። በሴቶች ብሔራዊ ቡድንም በምክትል አሠልጣኝነት ሠራች። በዚህ መካከል ያደረገችው ነገር ከግቧ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ተማረች። በፈረንሳይ ባለሙያ ወንዶችን በዋና አሠልጣኝነት ለመምራት የሚጠየቀውን ከፍተኛ የምስክር ወረቀት በ2014 ያዘች። ይህን ወረቀት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ወረቀቱም ሳይቆይ አስፈለገ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ሁለተኛው ሊግ የሚጫወተው ክሌርሞን የወንዶች ክለብ ሄሌና ኮስታ የምትባል ፖርቱጋላዊት ለዋና አሠልጣኝነት ቀጠረ። ኮስታ ሳያማክሯት ተጫዋች እንደሚያስፈርሙ ገልጻ፣ ሥራ ሳትጀምር ለቀቀች። ብዙ ሰው “አላልሁም?” ብሎ ነበር። ክለቡ ግን ወደ ወንድ አልተመለሰም፤ ዲያክርን ጠራ። በኦገስት 2014፣ 40 ዓመት በደፈነችበት ሰሞን፣ ብሬስት ከተማ ላይ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታዋን መራች፤ 2 ለ 1 ተሸነፈች። በዚያ ዓመት 20 ክለቦች ባሉበት ሊግ 12ኛ፣ በሚቀጥለው 7ኛ፣ በሦስተኛው እንደገና 12ኛ ሆና ጨረሰች። ተአምርም አልነበረም፣ ውርደትም አልነበረም። ዓመት ባልሞላ ጊዜ አሠልጣኝ በሚባረርበት ሙያ ሦስት ዓመት መቆየት ራሱ ምስክር ነው።

በ2017 የፈረንሳይ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነች። በ2019 አገሯ ያዘጋጀችውን ዓለም ዋንጫ መርታ በሩብ ፍጻሜ በአሜሪካ 2 ለ 1 ተሸነፈች። በ2022 በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በጀርመን በዚያው 2 ለ 1 ተረታች።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብቆርጠው ያምር ነበር፤ ነገር ግን ያማረ ታሪክ ሁልጊዜ እውነተኛ አይደለም። ዲያክር በቡድኑ አያያዟ ከብዙ ተጫዋቾች ጋር ተጋጨች። በፌብሩዋሪ 2023፣ ዓለም ዋንጫው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አምበሏ ዌንዲ ሬናር ባለው ሁኔታ ለብሔራዊ ቡድኑ እንደማትጫወት አስታወቀች፤ ሁለት አጥቂዎችም ተከተሏት። ሬናር ማን ናት? እንደ ዲያክር የመሐል ተከላካይ ናት! በማርች ወር ፌዴሬሽኑ ዲያክርን አሰናበተ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ “ሴት መሪ ስትሆን እንዲህ ነው” ይል ይሆናል። እኔ የማየው ሌላ ነው። በየዓመቱ በዓለም ላይ ስንት ወንድ አሠልጣኝ ከተጫዋቹ ተጣልቶ ይባረራል? “ወንድ አሠልጣኝነት አይሆነውም” ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያዋ ሴት ሸክሟ የሚከብደው የራሷን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ሴት ስም ተሸክማ ስለምትሠራ ነው። እኩልነት ማለት የመሾም መብት ብቻ አይደለም፤ ስትሳሳት እንደ አንድ ሰው ተቆጥሮ መሰናበትም ጭምር ነው። ተጫዋቾቿም “በሩን የከፈተችልን እሷ ናት” ብለው ዝም አለማለታቸው ነገሩ የደረሰበትን ደረጃ ያሳያል።

ለወለቃዋ ልጅ ያገኘሁት መልስ እንግዲህ ይኸ ነው። ሴት ተከላካይ ስትጨርስ አሠልጣኝ ትሆናለች፤ ወንዶችንም ትመራለች፤ ትሾማለች፣ ትሻራለች። ግን ይህ እንዲሆን ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማይፈርስ የትንሽ ከተማ ክለብ፣ ለሴትም የሚከፈት የአሠልጣኝነት ትምህርት ቤት፣ ስሟን የሚጽፍ መዝገብ። እነዚህ ሦስቱ ከእግሯ ብርታት ጋር የሚወለዱ አይደሉም፤ ሰው የሚሠራቸው ናቸው።

ዜሮ ለዜሮ

“ይኸ ሁሉ ፈረንሳይ ነው፤ እኛ ጋ ምን አለ?” ለሚለው ደግሞ መልስ አለ። ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደሉም። ሉሲ የተባለው ብሔራዊ ቡድናችን በ2002 ለአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አልፎ ናይጄሪያ ሄደ። ያ ዓመት ዲያክር በሴንት ኤቲየን ግቧን ያገባችበት ነው። በ2004 ሉሲ እንደገና አለፈች። ውድድሩ በደቡብ አፍሪካ ነበር፤ አስተናጋጇ ራሷ ግማሽ ፍጻሜ ሳትደርስ ስትቀር ሉሲ ግን ደረሰች። በናይጄሪያ 4 ለ 0 ተሸነፈችና ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ገጠመች።

ጋና ያን ጊዜ ቀላል ቡድን አልነበረችም፤ በ1999 እና በ2003 ዓለም ዋንጫ የተጫወተች ናት። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፈን አራተኛ ሆንን። በሴቶች እግር ኳስ በአፍሪካ መድረክ ከዚያ የበለጠ ደረጃ አግኝተን አናውቅም።

ያንን 0 ለ 0 ደጋግሜ አስበዋለሁ። ግብ አስቆጣሪ የሌለው ውጤት ነው፤ ስለዚህ ጋዜጣ ሊጽፈው የሚችለው ስም የለውም። ይሁንና ያ ዜሮ በራሱ ጊዜ አልተገኘም። ዓለም ዋንጫ ያየ የጋና አጥቂ መስመር ሲመጣ፣ ከኋላ ቆመው በጭንቅላት የመለሱ፣ በጎናቸው ወድቀው ያስጣሉ፣ ሮጠው የደረሱ ልጆች ናቸው የሠሩት። የአገራችን የሴቶች እግር ኳስ ትልቁ ቀን የተከላካዮች ቀን ነበር!

ከዚያ በኋላስ? ሉሲ በ2012 እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች። ሴቶች በየዓመቱ የሚወዳደሩበት ፕሪሚየር ሊግም ተቋቋመ፤ የተቋቋመው ግን ከደቡብ አፍሪካው ውድድር ዓመታት ቆይቶ ነው። ነገሩን ስናየው ጣሪያው ከመሠረቱ ቀድሞ ተሠርቷል። በ2004 አፍሪካን ያስደነቁት ልጆች ከኋላቸው የማይፈርስ ሷዮ አልነበራቸውም።

ሊጉ ከመጣ ወዲህ ፍሬው ሲታይ ቆይቷል። የዱራሜዋ ልጅ ሎዛ አበራ ከአገር ውስጥ ክለቦች ተነሥታ በስዊድንና በማልታ ተጫውታለች። በ2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተካፈሉ። ዲያክር የፈረንሳይን ቡድን በመራችበት በ2019 ዓለም ዋንጫ ላይም ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ ፊሽካ ይዛ። ዳኛችን ሊዲያ ታፈሰ ለዚያ ውድድር ከተመረጡት ጥቂት የአፍሪካ ዳኞች አንዷ ናት።

ከሁሉም ለዲያክር ታሪክ የሚቀርበው ግን የመሠረት ማኒ ታሪክ ነው። ዲያክር ክሌርሞን በገባች በዓመቱ፣ በ2015፣ መሠረት የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን ይዛ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣች። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ሊግ የወንዶች ቡድን በዋና አሠልጣኝነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ይህን ስጽፍ ደስ የሚለኝን ያህል አንድ ነገር ይከነክነኛል። ፈረንሳይ ያንን ያደረገችው በሁለተኛው ሊግ ነው፤ እኛ ያደረግነው በአንደኛው። ታዲያ ስለ ዲያክር ክሌርሞን መግባት ዓለም ሲያወራ፣ ስለ መሠረት የሚያውቅ ጎንደሬ ስንት ነው? ድፍረቱ አልጎደለንም። የጎደለን ድፍረቱን ይዞ የሚያቆይ ነገር ነው።

ስም የሌለው ሸክላ

የወለቃን ሸክላ ገዝተው የሄዱ እንግዶች በየአገሩ መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጠውታል። የመንደሯ ስም ይታወቃል፤ የሕዝቡም ስም ይታወቃል። ጭቃውን ረግጣ፣ አድቦልቡላ፣ በእሳት የጠበሰችው ሴት ስም ግን ከሸክላው ሥር አልተጻፈም። እጇ ይታያል፣ እሷ አትታይም። ተከላካይዋም እንዲሁ ናት፤ ዜሮው ይታያል፣ እሷ አትታይም።

ከዚህ አገር ወደ እስራኤል የሄደው ሕዝብ ያፈራው አንድ ተከላካይ አለ። ኤሊ ዳሳ ይባላል፤ ከኢትዮጵያ ከሄደ ቤተሰብ በ1992 ናታንያ ከተማ ተወለደ፣ በቀኝ መስመር ተከላካይነት አድጎም የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆነ። ተከላካይ ከፊታችን አለመጥፋቱን ለማሳየት ይህ ይበቃል። ዘሩ ያው ነው፤ የተለየው የተዘራበት እርሻ ነው።

ጎንደርም ክለብ ማቆም የማትችል ከተማ አይደለችም። ፋሲል ከነማ በ2021 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከተማው እንዴት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ለወለቃ ወንድ ልጅ መንገዱ ስም አለው፤ ከሜዳው ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ለሴቷ ልጅ መንገዱ ያን ያህል አልተጠረገም። ለመጥረግ ደግሞ የፈረንሳይ ገንዘብ አያስፈልግም። ሷዮ ስትጀምር ባለጠጋ አልነበረችም። የሚያስፈልገው አንድ ዓመት ተደርጎ በሁለተኛው የማይፈርስ የልጃገረዶች ቡድን ነው፤ መጫወት ያቆመች ሴት ሁሉ የአሠልጣኝነት ትምህርት የምትገባበት በር ነው፤ በየጨዋታው የአሥራ አንዱንም ስም የሚይዝ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ርካሹ ነው፤ እሱን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። በ2004 ከጋና ጋር 0 ለ 0 የወጡት ልጆች ስም ከነተሰለፉበት ቦታ በየስታዲየማችን ግድግዳ ላይ ቢጻፍ የሚጠይቀው ጥቂት ቀለም ነው።

ያልገባች ኳስ ደቂቃ የላትም ብያለሁ። ደቂቃ ባይኖራትም ያስጣለቻት ልጅ ግን ስም አላት። እሱን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።